በዶቃውና በግድግዳው መካከል



ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ዶቃ ልጣል። ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ሰፊ የብርጭቆ ዕቃ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ግሊሰሪን ተሞልቷል፤ እናቶቻችን ለቆዳቸው የሚቀቡት ያው ግሊሰሪን ነው። አጠገቡ የቆመው ጠባብ ቱቦም ያንኑ ይዟል። የሁለቱም ቁመት እኩል ነው፣ 20 ሴንቲሜትር ገደማ። በእጄ ያሉት የመስታወት ዶቃዎች ወርዳቸው 5 ሚሊሜትር ነው። የቱቦው የውስጥ ወርድ 10 ሚሊሜትር ነው፤ የዶቃው እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱንም እኩል እለቃቸዋለሁ። እናንተ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩልኝ።

ሃያ ሳትሉ የሰፊው ዕቃ ዶቃ ወለሉ ላይ ዐረፈ። የቱቦውን ተመልከቱት፤ ገና የመንገዱን ሩብ እንኳ አልጨረሰም። ይውረድ፣ እንተወው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዶቃው ያው ነው። ፈሳሹም ያው፣ የምድር ስበትም ያው። የተለወጠው ግድግዳው መቅረቡ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ዶቃውን አልነካውም። ዛሬ ማታ የማወራችሁ ሳይነካ ስለሚይዘው ስለዚህ ግድግዳ ነው፤ ጠጣር አካል በፈሳሽ ውስጥ በግድግዳ አጠገብ ሲጓዝ ምን እንደሚገጥመውና ሒሳብ ያንን እንዴት እንደሚገልጸው። ፈሳሽ ስል አየርንም ጨምሬ ነው። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ዶቃው ወደ ታች እንዲወርድ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ቦታ መልቀቅና ወደ ላይ መውጣት አለበት። በሰፊው ዕቃ ውስጥ መውጫው ብዙ ነው። በቱቦው ውስጥ ግን መውጫው በዶቃውና በመስታወቱ መካከል ያለችው 2.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቀለበት ብቻ ናት። በዚያ ላይ ፈሳሽ በሚነካው ነገር ላይ ይጣበቃል። መስታወቱን የነካው ስስ ንጣፍ እንደ መስታወቱ ቆሞ ይቀራል፤ ዶቃውን የነካው ከዶቃው ጋር ይወርዳል። መካከል ላይ ያለው ፈሳሽ በአንድ ወገን ተይዞ፣ በሌላ ወገን ወደ ታች እየተጎተተ፣ እሱ ራሱ ወደ ላይ ማለፍ አለበት። ጠባብ በር ላይ ገቢና ወጪ ሲጋፋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት እኩልታ አያስፈልገውም።

አየርላንድ ተወልዶ ካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ስቶክስ፣ በ1851 ስለ ፔንዱለም እንቅስቃሴ በጻፈው ጥናት ውስጥ አንድ ሉል በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ የሚጎትተውን ኃይል በአጭር ቀመር አስቀመጠ፤ 6 ጊዜ ፓይ፣ ጊዜ የፈሳሹ ዝልግልግነት፣ ጊዜ የሉሉ ራዲየስ፣ ጊዜ ፍጥነቱ። ውብ ቀመር ነው። ግን ግድግዳ የለውም፤ ዳርቻ በሌለው ባሕር ውስጥ ብቻውን ለሚጓዝ ሉል የተጻፈ ነው። ግድግዳውን ወደ ሒሳቡ ያስገቡት በኋላ የመጡት ሆላንዳዊው ሎሬንትዝና ስዊድናዊው ሂልዲንግ ፋክሴን ናቸው። ያገኙት ነገር ዛሬም ይገርመኛል። የሉሉ መሐል ከአንድ ጠፍጣፋ ግድግዳ በራዲየሱ 10 እጥፍ ቢርቅ እንኳ፣ ወደ ግድግዳው ሲሄድ ጎታቹ ኃይል 13 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከግድግዳው ጎን ለጎን ሲሄድ ደግሞ 6 ከመቶ ገደማ። የግድግዳው ተጽዕኖ ሩቅ ይደርሳል ማለት ነው። ከሉሉ በእጥፍ ብቻ በሚሰፋ ቱቦ ውስጥ ሲሆን ጎታቹ ኃይል ስቶክስ ካለው 6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የኛ ቱቦ ዶቃ የዘገየው በዚህ ልክ ነው።

አሁን ወደ ሞዴሉ አሠራር ልግባ። የፈሳሹን እንቅስቃሴ የሚገልጹ እኩልታዎች አሉን፤ ናቪየር ስቶክስ ይባላሉ። ለጠጣሩ አካል የኒውተን ሕግ አለን። ሁለቱ ግን በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱን ለብቻው ነድቶ ማረስ አይቻልም። አካሉ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ፈሳሹ የሚያሳርፍበትን ግፊት ማወቅ አለብኝ። ግፊቱን ለማወቅ ደግሞ ፈሳሹ የሚፈስበትን ቦታ ቅርጽ ማወቅ አለብኝ፤ ያንን ቅርጽ ከቅጽበት ቅጽበት የሚለውጠው ራሱ አካሉ ነው። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ጋ ይደናገራሉ። እስከዚያ የተማሩት ቧንቧው ቆሞ ውኃው ሲሄድ ነበርና። እዚህ ቤቱም እንግዳውም አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዳኛው የትኛው ነው ካላችሁኝ፣ ክፍተቱ ነው። በአካሉና በግድግዳው መካከል ያለችው ቀጭን ቦታ ከጠቅላላው ፈሳሽ እጅግ ትንሹ ናት፤ የአካሉን ዕጣ የምትወስነው ግን እሷ ናት።

ሰፊው ዕቃ ውስጥ ወደ ወረደው ዶቃ እንመለስ። ወለሉን ሲቃረብ ምን ሆነ? ክፍተቷ በጠበበች ቁጥር ፈሳሹን ከሥር ጨምቆ ለማውጣት የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። ዶቃው ወለሉን ሊነካ ሲል ተቃዋሚው ኃይል ከክፍተቷ ስፋት ጋር በተገላቢጦሽ ያድጋል፤ ፍጥነቱ ባይለወጥ፣ ክፍተቷ በግማሽ ስትቀንስ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። የዶቃው ክብደት ግን አይለወጥም። ስለዚህ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ክፍተቷ ግማሽ ስትሆን ፍጥነቱም ግማሽ ይሆናል። ይህ ማለት ቀሪውን ርቀት በግማሽ ለመቀነስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው። ለኛ ዶቃ ያ ጊዜ የሰከንድ አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ግማሽ፣ የግማሹ ግማሽ፣ የዚያ ግማሽ። አያልቅም። ሒሳቡን ቃል በቃል ካመንነው ዶቃው ወለሉን ለዘላለም አይነካም።

ይህ የአቀራረብ ስሌት ጉድለት ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በ2007 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ማቲዩ ሂሌሬ፣ በሁለት ልኬት በሚታይ ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ልሙጥ አካላት እንደማይጋጩ ከሙሉዎቹ እኩልታዎች ተነሥቶ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ልኬትም ተመሳሳይ ውጤት ተገኝቷል። እኛ ግን ዶቃው ሲያርፍ አይተናል። ታዲያ ማን ተሳሳተ?

እኩልታው የተሰጠውን ጥያቄ በትክክል መልሷል። ጥያቄው ውስጥ «ልሙጥ» ብለን ያስገባናት ቃል ናት ችግሩ። የመስታወት ዶቃ በዓይን ልሙጥ ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ግን ተራራና ሸለቆ አለው። ከ2.5 ሚሊሜትር ተነሥተን ርቀቱን 11 ጊዜ በግማሽ ብንከፍለው ወደ አንድ ማይክሮሜትር እንደርሳለን፣ የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ። እዚያ ላይ የዶቃው ሻካራነት ከክፍተቷ ጋር ይመጣጠናል፤ አንድ ጉብታ ወለሉን ይነካል፣ ነገሩም ያልቃል። ሁሉም የሰከንድ ተኩል ያህል ጉዳይ ነው። እኔ ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ጥሩ ሞዴል የማይሆን ነገር ሲነግርህ የረሳኸው ነገር የት ቦታ እንዳለ፣ ስፋቱም ስንት እንደሆነ እየጠቆመህ ነው።

እስካሁን ያየነው ክፍተት ገፊ ነው፤ እንደ ትራስ ያቀርባል እንጂ አያስነካም። አሁን ደግሞ ፊቱን ልገልብጠው።

ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ በትንሽ መኪና ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ቀድማችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከጎኑ ስትሆኑ መሪው ወደ ተሳቢው ሳብ እንደሚያደርጋችሁ ታውቃላችሁ። ግሊሰሪን ውስጥ ጠባቡ ክፍተት ገፋ፤ እዚህ ግን ሳበ። ምክንያቱ ፈጣንና ቀጭን በሆነ ፈሳሽ ውስጥ መፋተግ ዋናው ተዋናይ አለመሆኑ ነው። ክፍተት ሲጠብ አየሩ ተፋጥኖ ያልፋል፣ ሲፋጠን ግፊቱ ይወድቃል፣ በውጭ በኩል ያለው ከፍተኛ ግፊት ደግሞ መኪናውን ወደ ክፍተቱ ይገፋዋል። ክፍተቱ ይበልጥ ይጠባል፣ መሳቡም ይበልጥ ይጠነክራል።

በመርከቦች ላይ ይህ ዋጋ አስከፍሏል። በመስከረም 1911 በደቡብ እንግሊዝ ሶለንት በሚባለው የባሕር መተላለፊያ፣ የታይታኒክ ታላቅ እኅት የምትባለው ኦሊምፒክና ሆክ የተባለችው የጦር መርከብ ጎን ለጎን ሲጓዙ ሆክ ወደ ኦሊምፒክ ዞራ ጎኗን ወጋች። ክርክሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዋናው ነገር የትልቋ መርከብ መሳብ ሆነ። በመጋቢት 2021 በስዊዝ ቦይ ተሰንቅራ ለስድስት ቀን የዓለምን ንግድ ያገደችው የጭነት መርከብ ኤቨር ጊቭን ርዝመቷ 400 ሜትር ነበር። ኃይለኛ ነፋስ ነበር፤ ነገር ግን የመርከብ ሰዎች ከነፋሱ ጋር ያነሡት በመርከቧ ጎንና በቦዩ ዳርቻ መካከል የሚፋጠነውን ውኃ ጭምር ነው። ያን ያህል ግዙፍ ነገር በጠባብ ቦይ ውስጥ ሲሄድ ዳርቻው ዝም ብሎ አይመለከትም።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፍራንክ ስሚዝና ባልደረቦቹ ለዓመታት የሠሩት በዚህ መስክ ላይ ነው፤ ቀጭን አካል በፈጣን ፍሰት ውስጥ ከግድግዳ አጠገብ በነጻነት ሲንሳፈፍ አካሉና ፍሰቱ እርስ በርስ የሚወስኑበትን ሒሳብ። በነዚህ ሞዴሎች ውስጥ ትንሽ ማዘንበል እየጎላ ሊሄድ፣ አካሉም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ግድግዳውን ሊመታ ይችላል። በግሊሰሪን ዓለም ለዘላለም የማይደረስበት ግድግዳ እዚህ በቅጽበት ይደረሳል።

የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳለን የሚነግረን አንድ ቁጥር ነው፤ ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ከ1883 የማንቸስተር ሙከራው በኋላ ስሙን የያዘው። የፈሳሹ ክብደት፣ ፍጥነቱና የአካሉ መጠን ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ለኛ ዶቃ ይህ ቁጥር 0.05 ገደማ ነው። ለኤቨር ጊቭን ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣል። አንድን ሞዴል ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ሳያስተውሉ መውሰድ በዚህ ሙያ ውስጥ ያየሁት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ገፊውን ሳቢ፣ ሳቢውን ገፊ ያደርጋል።

በሁለቱ ዓለሞች መካከል ያለው ድንበር ደግሞ በየሰውነታችን ውስጥ አለ።

የፓሪሱ ሐኪም ፕዋዘይ በ1830ዎቹ በእንቁራሪት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲመለከት፣ የደም ሴሎቹ መሐል መሐሉን እንደሚሄዱና በግድግዳው በኩል ጠርዙ ላይ ጥርት ያለ ፈሳሽ እንደሚቀር አየ። ለምን? ማን ነው ሴሎቹን ከግድግዳው ያራቃቸው?

የዝግተኛውን ዓለም ሒሳብ ጠይቁት፣ እንዲህ ይላችኋል። ደንዳና ሉል በቱቦ ውስጥ ወደ ቀኝ ከሚሄድ ፈሳሽ ጋር ሲጓዝ ወደ መሐል ቀስ እያለ ይጠጋል እንበል። አሁን ፊልሙን ወደ ኋላ እናጫውተው። ፈሳሹ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሉሉም ከመሐል ወደ ግድግዳ ይሸሻል። በዝግተኛው ዓለም ወደ ኋላ የተጫወተ ፊልምም እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እኩልታዎቹ ይፈቅዱታል። ነገር ግን ወደ ግራ የሚፈስ ፈሳሽ ወደ ቀኝ ከሚፈሰው በምን ይለያል? ቱቦውን አዙሬ ብይዘው አንድ ነው። ስለዚህ ሉሉ በዚያም ወደ መሐል መጠጋት ነበረበት። አንድ ሉል በአንድ ጊዜ ወደ መሐልም ወደ ዳርም ሊሄድ አይችልም። እንግዲህ ወደየትም አይሄድም። እኔ ይህን ክርክር መጀመሪያ ስሰማ ተነሥቼ ማጨብጨብ አምሮኝ ነበር፤ አንዲት እኩልታ ሳትፈታ ትልቅ ነገር ተረጋገጠ።

ነገር ግን በ1961 በእስራኤል ሬሆቮት፣ በቫይዝማን ተቋም፣ ሴግሬና ዚልበርበርግ ክብደታቸው ከፈሳሹ ጋር የተመጣጠነ ጥቃቅን ሉሎችን በቱቦ ውስጥ ሲያሳልፉ ሌላ ነገር አዩ። ተበታትነው የገቡት ሉሎች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ቀለበት ሠርተው ተሰለፉ። መሐል ላይም አይደለም፣ ግድግዳው ጋም አይደለም፤ ከመሐል የራዲየሱን 0.6 ያህል ርቀው። መሐል የነበሩት ወደ ውጭ መጡ፣ ዳር የነበሩት ወደ ውስጥ ገቡ።

ማብራሪያው ለማግኘት ዓመታት ፈጅቷል፤ ከብዙዎቹ መካከል ሳፍማን በ1965፣ ሆና ሊል በ1974 ሠርተውበታል። በአጭሩ፣ ፈሳሹ ጉዞውን የመቀጠል ዝንባሌው እጅግ ትንሽ ቢሆንም ዜሮ አይደለም። ግድግዳው ሉሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መሐሉ ፈጥኖ ዳሩ ዘግይቶ የሚፈስ መሆኑ ደግሞ ሉሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ቦታ ያ ቀለበት ነው። ኃይሎቹ ደካማ ናቸው፤ ነገር ግን ቱቦው ረጅም ነው፣ ጊዜውም በቂ ነው። ዛሬ ይህንኑ ዘዴ በጣት በሚያዙ ጥቃቅን ቦዮች ውስጥ ሴሎችን በመጠናቸው ለመለየት ይጠቀሙበታል።

ደማችን ግን በሌላ መንገድ ነው ያመለጠው። ቀይ የደም ሴል ደንዳና አይደለም። ወርዱ 8 ማይክሮሜትር ገደማ ሆኖ ከሱ በሚጠብ ሥር ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል። ቅርጹ ሲለዋወጥ ያ የፊልሙ ክርክር ይፈርሳል፤ ሴሉ ከግድግዳው መራቅ ይችላል። በ1931 ስዊድናውያኑ ፎሬውስና ሊንድክቪስት ከ0.3 ሚሊሜትር በሚጠቡ ቱቦዎች ውስጥ ደም ቱቦው በጠበበ ቁጥር ቀጥኖ እንደሚፈስ አሳዩ፤ ግድግዳው አጠገብ የቀረው ጥርት ያለ ንጣፍ እንደ ማለስለሻ ዘይት ስለሚያገለግል። ቀያዮቹ መሐሉን ሲይዙ ደግሞ ትንንሾቹ ፕላትሌቶች ወደ ዳር ይገፋሉ። የደም ሥር ሲቆረጥ የሚያስፈልጉት እዚያው ግድግዳው ላይ ነውና፣ ሳይጠሩ ቦታቸው ላይ ይገኛሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

አሁን ከደም ሥር ወደ ወንዝ። ክረምት ሲገባ አባይ ለምን ቡናማ እንደሚሆን ሁላችን እናውቃለን፤ አፈራችን ነው የሚሄደው። ከድንበር ማዶ ሱዳን ውስጥ ያለው የሮዘሪስ ግድብ በ1966 ተሠርቶ፣ ከውኃ መያዣ አቅሙ ሲሶ ያህሉን ደለል ስለወሰደበት በ2013 በ10 ሜትር ከፍ ተደርጓል። የአንዲት ቅንጣት አፈር ጉዞ ግን የሚጀምረው እንዴት ነው?

በወንዝ ወለል ላይ የተቀመጠች ቅንጣት ግድግዳ ላይ ያለች አካል ናት። ውኃው ይጎትታታል፣ ወደ ላይም ያነሣታል፤ ክብደቷ ይይዛታል። በ1936 በርሊን ላይ አሜሪካዊው አልበርት ሺልድስ እነዚህን ኃይሎች በአንድ ንጽጽር አስቀመጠ፤ ቅንጣቷ የምትነሣበትን ደፍ ዛሬም በሱ ስም እንጠራዋለን። ትንሽ ቅንጣት ቶሎ ትነሣለች ብለን እናስብ ይሆናል። ስዊድናዊው ፊሊፕ ዩልስትሮም በ1935 ያሳየው ሌላ ነው። ለመነሣት ከሁሉ የሚቀለው ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ አሸዋ ነው። ከሱ ያነሰው ሸክላ አፈር እንደ ጠጠር የበረታ ውኃ ይጠይቃል። እጅግ ትንሽ ስለሆነ ወለሉን በሚታከከው፣ ፍጥነት በሌለው ንጣፍ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ እርስ በርሱም ይያያዛል። የቤት ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ውሎ ክንፉ ላይ አቧራ የሚኖረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዴ ከተነሣ ግን ማንም አይይዘውም። 2 ማይክሮሜትር ወርድ ያላት የሸክላ ቅንጣት በረጋ ውኃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ በስቶክስ ቀመር 3 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። አንዴ የተነሣች ቅንጣት የረጋ የግድብ ውኃ ሳትደርስ አታርፍም።

ታዲያ ለመነሣት ይህን ያህል የሚቸገር አፈር ማን አነሣው? በሰኔ በታረሰና በተራቆተ ማሳ ላይ የሚወርደው የዝናብ ጠብታ ነው። ጠብታው ያን የተኛ ንጣፍ ሰብሮ ቅንጣቷን ያስፈነጥራታል፤ ጎርፉ የተነሣውን ብቻ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ገበሬው የሚሠራው እርከንና ማሳውን የሚሸፍነው ገለባ ከትልቁ ማሽን ይልቅ ትክክለኛውን ቦታ ይመታሉ ብዬ አምናለሁ። የሺልድስ ሙከራ ደግሞ በቤተ ሙከራ ገንዳ፣ በጠፍጣፋ ወለል፣ ተመሳሳይ መጠን ባላቸው ቅንጣቶች የተሠራ ነበር። በአንድ ሰዓት ሞልተው በሚጎድሉ፣ ድንጋይና ጭቃ አብረው በሚያግበሰብሱ ወንዞቻችን ላይ ያንን ቁጥር እንዳለ መለጠፍ ያሳስበኛል። የራሳችንን ወለል ራሳችን መለካት አለብን፤ ይህን የምለው ከፊቴ ለተቀመጣችሁ ወጣቶች ነው።

እኩልታዎቹን ኮምፒዩተር ይፍታቸው የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ይፈታል፤ ግን ክፍተቷ በጠበበች ቁጥር ፈሳሹን የሚከፋፍልበትን መረብ ማድቀቅ አለበት፣ ማሽኑም እዚያው ይደክማል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ሰፊውን ቦታ ለማሽኑ ይሰጡና ጠባቧን ክፍተት በወረቀት በተሠራ ቀመር ይሞሏታል።

ቱቦውን እዩት። እየተጫወትን ዶቃው ከወረደ ቆይቷል፤ ማን ሲያርፍ እንዳየው አላውቅም። አሁን ክዳኑን ይዤ እገለብጠዋለሁ። ከፊት ያላችሁ ሰዓታችሁን ያዙ፤ ከኋላ ያላችሁ ደግሞ በዶቃውና በመስታወቱ መካከል ያለችውን ቀለበት ተመልከቱልኝ።